የመርዶው ቀረጻ በወረታ

«ከት! ከት! አቁሙ! አባቶች፣ ፈጠናችሁ!»

ዳይሬክተሩ በላይነህ በድምፅ ማጉያው ጮኸ...

ጋቢ የለበሱት ሽማግሌዎች ግቢው መሃል ቀጥ ብለው ቆሙ።

«መርዶ ልትነግሩ እኮ ነው የመጣችሁት፣ ሠርግ አስመሰላችሁት! በሉ ወደ በሩ ተመለሱና ቀስ ብላችሁ ግቡ... አንገት ደፋ!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ...

ከዚያም ወደ በሩ ተመለሱ።

ይህን የነገረኝ ካሜራማኑ የኋላሸት ነው። ሲያወራኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

በላይነህ ማለት በየበዓሉ በቴሌቪዥን ድራማው አገር የሚያስለቅስ ሰው ነው። የእናት ነገር ሲሆንማ አያድርስ!

ስንቱ ነው የእሱን ድራማ አይቶ፣ እንባውን ጠርጎ፣ እናቱ ጋ የደወለ...

የእሱ እናት እትዬ ድንቅነሽ ግን ፎገራ ሜዳ ላይ ብቻቸውን ነበሩ።

በዓል ሲደርስ ከአዲስ አበባ ልብስ ይልክላቸዋል። ልብሱ ይመጣል፣ ልጁ አይመጣም።

ዘንድሮ ግን እግዜር ራሱ አመጣው። አዲሱ ድራማ ወረታ ይቀረጽ ተባለ... ከእናቱ ቤት በባጃጅ ደርሶ መልስ!

እትዬ ድንቅነሽ ታመው ነበር። የምታስታምማቸው ጎረቤታቸው ወለላ ደወለችለት።

«አንተ በላይነህ፣ እናትህ ደክማለች። ብቅ ብለህ ብታያት ምናለበት?»

«ወለላዬ፣ ሩዙ ሳይታጨድ ሜዳውን ቀርጬ መጨረስ አለብኝ። ተዋንያኑም ሊመለሱብኝ ነው። ሥራዬን ልጨርስና ሰፋ ባለ ጊዜ እመጣለሁ በያት።»

አንድ ቀን እንዲያውም ቢጫ የሆነውን ሩዝ ሊቀርጽ እስከ ሜዳው ወረደ።

ከማሳው ማዶ የእናቱ ቤት ቆርቆሮ ይታያል...

የኋላሸት ካሜራውን ሲያዞር ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው የተቀመጡ ሴትዮ አየ።

«በላይ፣ አንዲት እናት ወደ እኛ እያዩ ነው።»

በላይነህ ወደ ቤቱ አየ... ሰዓቱን አየ...

«ቶሎ በል፣ ፀሐይዋ ሳታመልጠን!» አለ።

ማን እንደሆኑ ያውቃል። እያወቀ ነው! እዚህ ጋ እኔ ተናድጃለሁ፣ አልደብቃችሁም።

ወደዚያ የቀረጻ ማለዳ ልመልሳችሁ...

የዕለቱ ቀረጻ ለአንድ ነጋዴ የእናቱ መርዶ የሚነገርበት ነው። እንደምታውቁት መርዶ በማለዳ ነው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ሐዘንተኛውን አስቀምጠው ይነግሩታል።

ለቀረጻው ሰዎችን ከከተማው የምትመለምለው ረዳቱ መባ ናት። በላይነህ አንዳቸውንም አያውቅም።

ደግሞም ሸራ ሥር ተቀምጦ የሚያየው ሰዎቹን አይደለም፤ ስክሪኑን ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ከሩቅ የሚመጣ ነጭ ጋቢ ብቻ...

ሽማግሌዎቹ እንደገና ገቡ። ቀስ ብለው... አንገታቸውን ደፍተው...

«በጣም ጥሩ! እንዲህ ነው እንጂ!»

ከፊት ያሉት ሽማግሌ ወደ ሸራው ዞሩ።

«ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በል...»

«ወደ እኔ አትዩ አባቴ! ተዋናዩን እዩ፣ ተዋናዩን!»

ይኼኔ ከኋላቸው ተከትላ የገባች አንዲት ሴት አልቻለችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተንሰቀሰቀች...

በላይነህ ከመቀመጫው ዘለለ።

«አሃ! እንባ ማለት ይሄ ነው! የኋላሸት፣ ወደ እሷ! ፊቷን አምጣልኝ!»

የኋላሸት አቀረበው...

ፊቷ ስክሪኑን ሞላው።

በላይነህ ድምፅ ማጉያውን ከአፉ አወረደ።

ወለላ ነበረች።

በዚያው ቅጽበት መባ ከውጭ እየሮጠች ገባች። «ይቅርታ ዘገየን! ሽማግሌ ሆነው የሚተውኑትን የያዘው መኪና አሁን ደረሰ!»



ከፊት የነበሩት ሽማግሌ አጎቱ ነበሩ፣ አያ አድማሴ። ሸራው ሥር ገብተው ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት።

«ጠንከር በል ልጄ... እናትህ አርፋለች።»

«ከት» ብሎ ቀረጻውን የሚያስቆም ሰው ጠፋ። ካሜራው ዝም ብሎ ይቀርጻል... የዳይሬክተሩን ጩኸት ይቀርጻል።

«አያ፣ ለምን ታዘዙኝ? ምነው በተቆጡኝ!»

«ቀድመህ ሰምተህ አእምሮህን የሳትክ መስሎን ነው። ሐዘንተኛ ይቆጡታል እንዴ ልጄ? 'ድገሙት' ስትለን ደገምንልህ።»

በላይነህ መሬት ላይ ተደፋ።

«እንዲያው አልጠራችኝም? አያ፣ ስሜን አላነሳችም?»

አያ አድማሴ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያዙ...

«ትናንት ሲብስባት ልንጠራህ ብለን ነበር። እሷ ናት የከለከለችን። 'ልጄን ሥራ እንዳታስፈቱት፤ ስጨርስ እመጣለሁ ብሎኛል' አለች።»

ወገኖቼ... በላይነህ እናቱን ይጠላ ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። ይወዳቸዋል። የጎዳው እኮ ይሄ ነው፤ ፍቅሩን ሁሉ ለስክሪን ከፍሎ ለእናቱ ደጃፍ አላስተረፈም።

ሥራ አያልቅም፤ የሚያልቀው ሰው ነው።

እኛ «ስጨርስ እመጣለሁ» የምንለው ለማምለጥ ነው። እነሱ ግን ያምኑናል... አምነውንም ይጠብቃሉ። እንኳን ሊወቅሱን፣ የሚወቅሰንን ይከለክሉልናል።

ስለዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ ጎራ በሉ። ዛሬ ጎራ በሉ!

እስቲ ከታች ጻፉልኝ... «ይህን ልጨርስና እመጣለሁ» ብላችሁት፣ አሁንም ደጃፉ ላይ ሆኖ የሚጠብቃችሁ ሰው ማን ነው?