ሁለቱ የተሰረዙ መስመሮች

ሆስፒታል በተኛችው እናቱ ራስጌ፣ መድኃኒት በደም ሥሯ በሚያንጠባጥበው ማሽን ላይ መጠኑን የሚያሳየው «4» የሚለው ቁጥር ለቅጽበት «40» ሆነና ተመለሰ። ፕሮግራመሩ ክው አለ። የዚህን ማሽን ከርነል፣ ሥራዎቹን የሚያፈራርቀውን ዋና ፕሮግራም፣ ያፈጠነው እሱ ራሱ ነበር። ማሽኑ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲዘል፣ በአንዲት ሬጅስተር፣ በጊዜያዊ የቁጥር መያዣው፣ የያዘውን ቁጥር አስቀምጠው የሚመልሱትን ሁለት የኮድ መስመሮች «ይቺን ሬጅስተር ደግሞ ማን ይጠቀምባታል?» ብሎ የሰረዘ ቀን ቢሮው በሙሉ አጨብጭቦለታል። ለካስ የመድኃኒቱ መጠን የሚያዘው እዚያችው ውስጥ ኖሯል።

ጣቱ ማጥፊያው ጋ ደርሶ ቆመ፤ ቢያጠፋው የእናቱን ልብ የያዘው መድኃኒት ይቋረጣል።

«አይዞህ ወንድሜ» አለችው ነርሷ ከኋላው መጥታ። «የድሮውን ቀርፋፋ ማሽን አንስቼ ፈጣኑን ያደረግኩላት ላንተ ብዬ ነው።»

«እህቴ» አላት ጣቱን ሳያነሳ፣ «በእናትሽ፣ ቀርፋፋውን መልሺላት።»