የጋሽ አገኘሁ ኮምፒውተር

«በዚህ ፎቅ የእኔን ኢንተርኔት የሚቀድም የለም! የአስናቀች እንደሆነ እንደ ኤሊ ነው የሚንፏቀቀው» አሉ እትዬ የውብዳር።

ከላያቸው የሚኖሩት እትዬ አስናቀች ከልጃቸው ጋር በካሜራ ሲሳሳቁ መስማት አንጀታቸውን ሲያሳርረው ስለከረመ፣ በስተርጅና አዲስ ኮምፒውተር ከነካሜራው ገዝተው ፈጣን መስመር አስገቡ። ሟቹ ባላቸው ጋሽ አገኘሁ ሲተይቡበት የኖሩትን አሮጌውን ደግሞ «ለመለዋወጫ ይሁንሽ» ብለው ለአስናቀች ሰጡ። የባላቸውን መነጽር ብቻ ለማስታወሻ አስቀሩ።

የመጀመሪያውን ጥሪም ለማን ይደውሉ? ለአስናቀች፣ አንጀታቸው እንዲያርር! ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ከአስናቀች ጀርባ ግን አንድ ሽማግሌ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ በሁለት ጣቱ ይተይባል። የለበሰውን ቡናማ ሹራብ ክርኑ ላይ የጣፉት እትዬ የውብዳር ራሳቸው ናቸው፤ በአርባው ዕለት ለነዳያን የሰጡትም እሳቸው ናቸው።

ሽማግሌው ዞር አለ። ጋሽ አገኘሁ ናቸው።

ከፍርሃታቸው ቅናታቸው ቀደመና፣ «አንቺ አስናቀች! ባሌ አንቺ ቤት ምን ይሠራል?» ብለው ጮኹ።

አስናቀች ዞረው ሽማግሌውን አዩና ምንም ሳይደንቃቸው መለሱ።

«ራስሽ አውጥተሽ ሰጥተሽኝ! ይልቅ መነጽሩን ላኪለት፣ ፊደሉ አልታይ ብሎታል።»