ባለቤት የሌለው ዝናብ

ጎረቤቴ እማማ ስንዱ ኮምፒውተራቸው ድምፅ አልሰጥ ብሏቸው ጠሩኝ። ሳስተካክለው፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ክፍሉን ሞላው።

ወዲያው አወቅሁት። የድሮ ቤታችን ሳይፈርስ ድምፁን የቀዳሁት፣ ስሜን ሳልጽፍ በኢንተርኔት ለሰው ሁሉ የለቀቅሁት ዝናብ ነው።

“ፎቅ ላይ ዝናብ አይሰማም፤ በዚህ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ቆይ፣ አሁን አባወራው ያስነጥሳሉ” አሉ።

አባቴ አስነጠሰ። ከሞተ ወዲህ ከድምፁ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው።

“ይማርዎ!” አሉ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብለው። “የማን አባት ይሆኑ?”

ማንም እንዳይሰልለን ብለን እኛው በደገፍነው ሕግ፣ የፋይል ባለቤት እንዲታወቅ አይፈቀድም። ኮምፒውተር እየሰማ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ከተነገረ፣ ፋይሉ ከየቤቱ ይጠፋል፤ ከእኔም ቤት። ደጅ ወስጄ እንዳልነግራቸው፣ እማማ ስንዱ ምስጢር አይቋጥሩም።

“እኔ እንጃ፣ እማማ።”

“ሁልጊዜ ይማርዎ እላቸዋለሁ” ብለው ሳቁ። “አንድ ቀን እንኳ ‘ያኑርሽ’ አይሉኝም። ኩራተኛ!”

አባቴ ኩራተኛ አልነበረም።

“ያኑርዎት” አልኋቸው፣ ኮምፒውተሩ እንዳይሰማኝ ቀስ ብዬ።

እሳቸውም አልሰሙኝም።