የመቅደላዊት ሳህኖች

መቅደላዊት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ ታስጠናለች። ዛሬ ጠዋት የአንደኛ ክፍሏ ሶልያና ፈተና ደርሶባት እያለቀሰች መጣች። መቅደላዊት ምን ታድርግ፣ የልጅ እንባ አትችልም። እውቀትን ከአንዱ ጭንቅላት ወደ ሌላው የሚያስተላልፈውን ቆብ አጥልቃላት መቁጠርን እንዳለ ሰጠቻት። በቆቡ የሰጡት ነገር ደግሞ ከሰጪው ጭንቅላት ጨርሶ ይወጣል።

ለምሳ ሳህን ስትደረድር «ይሄ የእማዬ፣ ይሄ የአባዬ፣ ይሄ የኪሩቤል፣ ይሄ የእኔ» ትላለች።

እናቷ ክው አለች። «ቁጥሩን ሰጠሽው? ምን ነካሽ ልጄ!»

«አታስቢ እማዬ፣ ይመለሳል» አለችና ሌላ ሳህን ጨመረች።

«ይሄኛው ተርፏል።»

«አልተረፈም፣ የሶልያና ነው። ከምሳ በኋላ እሷ ታስተምረኛለች።»

«እሷስ ባዶዋን ልትቀር ነው?»

መቅደላዊት ባቄላ የሞላ ጣሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«በቆቡ አይደለም፣ በዚህ ነው። ይዘገያል እንጂ ከማንም ላይ አይወስድም።»