የዘፋኟ ስም

ወታደሩ ከመምህሩ ቦርሳ ያገኘውን ካሴት መኪናው ቴፕ ውስጥ ከተተው። ከሀርጌሳ የቦምብ ድብደባ ከመምህሩ ጋር የሸሹት አሮጊት ኬላው ላይ ከጎኑ ቆመዋል። ጥር ላይ እዚያው ሀርጌሳ፣ ዳሚ ሰፈር፣ በዘፈን ሠርግ ሲያደምቁ ድምፃቸውን የቀዳው መምህሩ ራሱ ነው። ዘፈኑ በወታደሮች ያላግጣል። ከዘፈኑ በፊት ግን የሚሰማው የመምህሩ ድምፅ ነው፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ የዘፋኟ ስም። ይህን ሳያስቀድም ዘፈን ቀድቶ የመጣ ተማሪ ከሱ ማርክ አግኝቶ አያውቅም።

"ዘፋኟ ከልቱን ፋራህ" አለ ድምፁ ከቴፑ፣ ጥርት ብሎ። መምህሩ ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው አለ በልቡ።

ወታደሩ የአሮጊቷን መታወቂያ ገልጦ፣ "ኤብላ ሙሴ" ሲል አነበበ። መምህሩ ስሙን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ለካ ጥር ላይ ዋሽተውታል።

"ከልቱን የምትባለዋ የት ናት?"

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። "ትናንት ቦምብ ገደላት፤ አላህ ይማራት።"

ወታደሩ ወደ መምህሩ ዞረ። "እውነቷን ነው?"

አንዲት የተሳሳተ ቀን አይቶ የማያልፈው መምህር አንገቱን ደፋ።

"እውነቷን ነው" አለ። "እኔው ነኝ የቀበርኳት።"