ቢጫው ፌስታል

ሰውየው ከኦሉ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሲወጣ በረዶው ደጅ የቆሙትን ብስክሌቶች ቀብሯቸው ነበር። አንዲት አሮጊት ግን እሱ የብስክሌቱ መቀመጫ እንዳይረጥብ የሸፈነበትን ቢጫ ፌስታል ገፈው ብስክሌቱ ላይ ሲወጡ አየ። ሮጦ መሪውን ያዘ።

«ይውረዱ! የኔ ነው! በዚህ ዕድሜዎ ትንሽ አያፍሩም?»

አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየ። አሮጊቷ ቀስ ብለው ወረዱ።

«ያንተ ከሆነማ ውሰደው፣ ልጄ።»

በንዴት ወጥቶበት ፔዳሉን ሲረግጥ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። መቀመጫው ለአጭር ሰው ዝቅ የተደረገ ነበር። ፊቱ ጋለ፤ ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

አሮጊቷ አጠገቡ ያለውን የበረዶ ክምር በጓንታቸው ሲጠርጉ ሌላ ቢጫ ፌስታል ብቅ አለ። ገፈፉትና መቀመጫውን በሻርፓቸው አደረቁት።

«በል ና፣ ያንተው ላይ ውጣ» አሉት። «እንዳይበርድህ።»