የተቀመጠው ግንበኛ

ነርሷ የግፊት መለኪያውን አባባ ክንድ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ጠመጠመችው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ በልቤ ስሰድበው ነበር። ሦስተኛው ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

«ሁለት መቶ አልፏል» አለች። «አባቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ግንበኛ» አለ አባባ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«ነበር» አልኩ እኔ። «አሁንማ እንደ ሙሽራ አስቀምጠነዋል። ብርጭቆ እንኳ አናስነሳውም።» ይህን ያልኩት እንድታመሰግነን ነው፤ የጨዋ ልጆች መሆናችንን እንድታውቅልን።

እሷ ግን አላመሰገነችንም።

ያልገባት መስሎት ታላቅ ወንድሜ ተቀበለኝ። ድንጋይ ተሸክሞ ላሳደገን አባት ይሄ ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም አላት። ውሃው እጁ ላይ ይመጣለታል፤ ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ ድረስም በመኪና እንወስደዋለን። ጓሮውን ልኮትኩት ብሎ ዶማ ሲያነሳ ቀምቼ የደበቅኩበት እኔ ነኝ። ሽማግሌ አባትን ማሠራት ጡር አለው፤ ጎረቤትስ ምን ይላል?

ነርሷ ብትቆጣን ይሻለኝ ነበር። «ግፊቱን ያመጣው መቀመጥ ብቻ ነው አልልም» አለች ቀስ ብላ። «ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲንቀሳቀሱ የኖሩ ሰው ናቸው። እንዲህ መቀመጡ ጎድቷቸዋል። አሁኑኑ ሐኪም ያያቸዋል፣ መድኃኒት ይጀምራሉ። ግፊቱ ሲወርድላቸው ግን በየቀኑ በእግራቸው ይሂዱ።»

ከፀሐይ ስንሸሽገው፣ ከድካም ስንሸሽገው፣ ለካ እየገደልነው ኖሯል!

«አንተስ ለምን እንቢ አላልክም?» ብዬ አባባ ላይ ጮኽኩበት። ድምፄ ከኮሪደሩ ማዶ ተሰማ መሰለኝ።

አባባ የሸሚዙን እጅጌ እያወረደ ትንሽ አፈረ። «ለሰው ሁሉ ‹አባታችንን አሳረፍነው› ስትሉ ፊታችሁ ይበራል፣ ልጄ። ታዲያ ምን ልበል? መቀመጡንማ አንድ ቀንም አልወደድኩት።»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ።

ሐኪሙ ክፍል እንድንገባ ተጠራን። አባባ ለመነሳት አግዳሚ ወንበሩን በእጁ ተደገፈ፤ እኔና ወንድሜ እንደ ልማዳችን በግራና በቀኝ ዘለን ብብቱን ያዝነው። ከዚያ ተያየንና ለቀቅነው። ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ብቻውን ሲነሳ፣ ሁለታችንም እጃችንን ዘርግተን፣ ሳንነካው ቆምን።